በመተማ ቆላ የሕፃናት የቆዳ ችግር፦ ከቅባት በፊት ምን እናድርግ?

መተማ፣ ገንዳ ውኃና ቋራ ላይ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሴልሺየስ ያልፋል። ክረምቱ ሲገባ ደግሞ ወበቁ ይጨመርበታል። በዚህ አየር በሚያድግ ሕፃን ቆዳ ላይ ሽፍታ ቢወጣ አይገርምም። አብዛኛው ሽፍታ በአየር፣ በንጹሕ ውኃና በደረቅ ጨርቅ ይድናል፤ ቅቤና ቫዝሊን ሲደራረብበት ግን ቀላሉ ነገር ይብሳል። ስለዚህ ዋናውን ደንብ ያዙ፦ ቅባት ከመጨመራችሁ በፊት ልብስ ቀንሱ።

1. አይታችሁ ለዩ

ልጁን ብርሃን ባለበት ጥላ ሥር ራቁቱን አስተኙትና ከራስ ቅሉ እስከ ውስጥ እግሩ ተመልከቱ። ጠይም ቆዳ ላይ መቅላቱ ላይጎላ ስለሚችል በጣታችሁ ዳብሱት። ሽፍታው የት የት ነው? ትኩሳት አለው? ጡት ይጠባል? ከቤተሰቡ ሌላ የሚያሳክከው አለ? የእነዚህ መልስ ወደ ትክክለኛው እርምጃ ይመራችኋል።

አዲስ በተወለደ ሕፃን አፍንጫ ላይ የሚታዩ ጥቃቅን ነጭ ነጥቦች በራሳቸው ይጠፋሉ፤ አትነካኳቸው።

2. የሙቀት ሽፍታ

የላብ መውጫው ሲደፈን ላቡ ከቆዳ ሥር ይቀራል፤ እንደ ጤፍ ፍሬ የደቀቁ ሽፍታዎችም ይወጣሉ። አንገት እጥፋት፣ ግንባር፣ ጀርባና ብብት ላይ ይበዛሉ። እናት ሰሊጥ አጨዳ ላይ ልጇን አዝላ ስትውል ደግሞ ጀርባዋ ላይ በተለጠፈው ደረቱና ሆዱ፣ አንቀልባው በያዘው ጭኑም ላይ ይታያሉ።

- ቀጭን የጥጥ ልብስ ብቻ አልብሱት፤ ሲተኛ ፎጣና ብርድ ልብስ አትደራርቡበት።
- ቀትር ላይ የቆርቆሮ ቤት ስለሚግል ነፋስ ወዳለበት ጥላ አውጡት።
- በየቀኑ ለብ ባለ ወይም ቀዝቀዝ ባለ ውኃ እጠቡት፤ የአንገቱን እጥፋት ሳታሹ በጨርቅ ጠብ ጠብ እያደረጋችሁ አድርቁ።
- ሲታዘል በመካከል እያወረዳችሁ ላቡን አድርቁለት።
- ቅቤ፣ ቫዝሊንና ዘይት ለጊዜው አቁሙ። ፓውደርም ይቅር፤ ብናኙ ወደ ሳንባው ይገባል።
- ከ6 ወር በታች ከሆነ ሙቀት ነው ብላችሁ ውኃ አታጠጡት፤ ቶሎ ቶሎ ጡት ስጡት።

ልጁ ሲቀዘቅዝ ሽፍታው በጥቂት ቀናት ውስጥ ይጠፋል።

3. የሽንት ጨርቅ ቁስለት

ሽንትና ዓይነ ምድር ቆዳው ላይ ሲቆዩ መቀመጫው ይቀላል፤ ይላላጣል። በጨርቁ ላይ ፌስታል ማሰር ያባብሰዋል።

- ጨርቁን ወይም ዳይፐሩን በየ2 ወይም በየ3 ሰዓቱ፣ ዓይነ ምድር ከሆነ ወዲያው ቀይሩ።
- በውኃ ብቻ እጠቡ፤ ከዚያ ቢያንስ 10 ደቂቃ ራቁቱን ይቆይ።
- ሲደርቅ ዚንክ ኦክሳይድ ወይም ስስ ቫዝሊን ቀቡ። ቫዝሊን እዚህ ቆዳውን ከሽንት ይከልልለታል።
- ጨርቁን በኦሞ ካጠባችሁ ደጋግማችሁ አለቅልቁ፤ ፀሐይ ላይ አድርቁ።

ቁስሉ እጥፋቱ ውስጥ ገብቶ በዙሪያው ነጠብጣብ ካወጣ፣ ወይም በ3 ቀን ካልተሻለው ፈንገስ ሊሆን ይችላል። የፈንገስ ቅባት በጤና ባለሙያ ይታዘዝለት።

4. እከክ

ሌሊት የሚብስ ማሳከክ የእከክ ምልክት ነው። በአዋቂ ላይ በጣቶች መካከል ሲበዛ፣ በሕፃን ላይ መዳፍ፣ ውስጥ እግር፣ ፊትና ራስ ቅል ሳይቀር ይወጣል። በ2008 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ በአማራ ክልል በብዙ ወረዳዎች በወረርሽኝ መልክ መስፋፋቱ ይታወሳል።

- ልጁን ለጤና ባለሙያ አሳዩ፤ ዕድሜውንና ክብደቱንም ንገሩ። ከ2 ወር በታች ላለ ሕፃን በአብዛኛው በፐርሜትሪን ፋንታ የሰልፈር ቅባት ይመረጣል፤ የሚዋጠው አይቨርሜክቲን ከ15 ኪሎ በታች ለሆነ ልጅ አይሰጥም።
- የማያሳክካቸውም ቢኖሩ የቤቱ ሰዎች ሁሉ በአንድ ቀን ይታከሙ። አንድ ሰው ከቀረ እከኩ ይመለሳል።
- በዚያው ቀን ልብስና አንሶላ በሙቅ ውኃ ታጥቦ ፀሐይ ላይ ይሰጣ። የማይታጠበው በፌስታል ታስሮ ለአንድ ሳምንት ይቀመጥ።
- ባለሙያው በሚነግራችሁ ቀን፣ ብዙ ጊዜ ከሳምንት በኋላ፣ ሕክምናው ይደገም።

5. መግል የያዘ ቁስል

የታከከ ሽፍታ ተመርዞ መግል ወይም ቢጫ ቅርፊት ሊይዝ ይችላል። በሳሙናና በንጹሕ ውኃ እጠቡት፤ አታፍርጡት፤ ፎጣውን ለዩ፤ የልጁን ጥፍር ቁረጡ። ከዚያ ወደ ጤና ኬላ ውሰዱት፤ ፀረ ባክቴሪያ ቅባት ሊያስፈልገው ይችላል።

6. የማይቀቡ ነገሮች

ጋዝ፣ የባትሪ ድንጋይ ውስጡ፣ ነጭ ሽንኩርትና ፌጦ የሕፃን ቆዳ ያቃጥላሉ። ቤታሜታዞንና ክሎቤታሶል ያለባቸውን ክሬሞችም ያለ ሐኪም ትእዛዝ አትቀቡ። ሽፍታውን ለጥቂት ቀን ያደበዝዙታል፤ ፈንገስ ከሆነ ግን ከሥር ይስፋፋል፣ ቆዳውም ይሳሳል።

7. ሳትዘገዩ ሐኪም ጋ የምትሄዱበት

- ከ2 ወር በታች ያለ ሕፃን ትኩሳት ካለው፣ ሰውነቱ ከቀዘቀዘ፣ መጥባት ካቆመ ወይም መግል ያለው ሽፍታ ካወጣ።
- ሽፍታ ከትኩሳት፣ ከሳልና ከዓይን መቅላት ጋር ከመጣ፤ ኩፍኝ ሊሆን ይችላል። የኩፍኝ ክትባት በ9 እና በ15 ወር ይሰጣል።
- ቁስሉ እየሰፋ ዙሪያው ካበጠና ከጋለ።
- ትኩሳቱ ከ2 ሳምንት በላይ ከቆየና ሆዱ ካበጠ። ካላዛር ሊሆን ይችላል፤ ይህ ቆላ በሽታው ያለበት አገር ነው። ለካላዛር ታክሞ የዳነ ልጅ ፊቱ ላይ ሽፍታ ካወጣም ወደታከመበት ይመለስ።

ሌላውን ከጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ጀምሩ፤ እነዚህን ምልክቶች ካያችሁ ግን በቀጥታ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ገንዳ ውኃ ወደሚገኘው መተማ ሆስፒታል ሂዱ። የክትባት ካርዱንና የቀባችሁትን ቅባት ከነዕቃው ያዙ። ቅቤም ይሁን ቅጠል፣ ቤት ውስጥ ያደረጋችሁትን ሳታፍሩ ተናገሩ፤ ባለሙያው ትክክለኛውን መድኃኒት የሚመርጠው ይህን ሲያውቅ ነው።