ቀን ቀን አልተኛም የሚል ሕፃን

በቀደም አንዲት እናት የ7 ወር ልጇን ይዛ መጣች። «ዶክተር፣ ቀን እንቅልፍ የሚባል እምቢ አለኝ። ጎረቤቴ ‹ጥሩ ያስተኛል› ብላ ይሄን ሽሮፕ ሰጠችኝ፤ ትንሽ ላቅምሰው?» ጠርሙሱን ሳየው ፕሮሜታዚን ነው።

እናቶች፣ እባካችሁ! ፕሮሜታዚን ከ2 ዓመት በታች ላለ ልጅ አይሰጥም። አተነፋፈስን አዳክሞ ሊገድል ይችላል። «ትንሽ ብቻ» ብሎ ነገር የለም።

ስንነጋገር ችግሩ ሌላ ሆነ፦ ልጁን የምታስተኛው ከነቃ 4 ሰዓት ካለፈው በኋላ ነው። በዚህ ዕድሜ ብዙ ሕፃናት ከ2 እስከ 3 ሰዓት ነቅተው ከቆዩ ይበቃቸዋል። ከዚያ ካለፈ ድካሙ ራሱ ያነጫንጫቸዋል፣ እንቅልፍም ይሸሻቸዋል (ሌሊት ተረኛ ያደረ ሐኪም ይሄን ያውቀዋል)። ስለዚህ ለቅሶው እስኪመጣ አትጠብቁ። ዓይኑን ማሸት፣ ማዛጋት፣ ፈዞ ማየት ሲጀምር መጋረጃውን ዝጉ፣ ቴሌቪዥኑን አጥፉና እሹሩሩ በሉት። አዝላችሁት ካሸለበም አውርዳችሁ በጀርባው፣ ጠንከር ያለ ፍራሽ ላይ አስተኙት፤ ትራስ አያስፈልገውም።

ትኩሳት ካለው፣ ጡት እምቢ ካለ ወይም ለመቀስቀስ ካስቸገረ ግን የእንቅልፍ ጉዳይ አይደለም፤ ቶሎ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት።