ከብሩ ይልቅ ድምፁ

ሆሳዕና፣ ገበያው አጠገብ ባለች ጠባብ የሰዓት ጥገና ሱቅ። ወጣቱ አያቱ የተዉለትን የፈረንሳይ የኪስ ሰዓት በመሐረብ ጠቅልሎ ከዱራሜ ወደ አዛውንቱ ሰዓት ጠጋኝ መጥቷል።

ወጣቱ፦ አባባ፣ ወንድሜ ለደቡብ አፍሪካ ጉዞ ገንዘብ ቸግሮታል። አንድ አንጥረኛ ይህን በግራም ልግዛህ ይለኛል። ልሽጥለት?

አዛውንቱ፦ እስቲ አምጣው። ክዳኑ ውስጥ ይህችን ቅንጣት ምልክት አየሃት? ሸርጣን ናት። ከ1838 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከፓሪስ ውጭ በተመረመረ ጥቃቅን የብር ዕቃ ላይ ትመታ የነበረች የፈረንሳይ መንግሥት ማኅተም ናት። ብሩ ከሺህ እጅ ቢያንስ 800 እጅ ንጹሕ ነው ማለት ነው። ጠገራው ማርትሬዛ ግን 833 ነው።

ወጣቱ፦ እንግዲያው ከማርትሬዛም አይበልጥ!

አዛውንቱ፦ አንጥረኛው የሚያየው ይህንኑ ነው። አንተ ግን አድምጥ።

(የሰዓቱን አናት እስከ መጨረሻው ተጭኖ ለቀቀው። ዘጠኝ ነጠላ ምት፣ ቀጥሎ ሁለት ጥንድ ምት ተሰማ።)

ወጣቱ፦ ዘጠኙ ገባኝ። ጥንዶቹስ?

አዛውንቱ፦ አንዱ ጥንድ አንድ ሩብ ነው። ዘጠኝ ተኩል አልፏል፤ ለአሥር ሩብ ጉዳይ ግን አልሆነም። ክብሪት ባልነበረበት ዘመን ሰው ጨለማ ውስጥ ተኝቶ ሰዓቱን በጆሮው ያውቅ ነበር። እንግሊዞች ይህን ዓይነት ሰዓት በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ሲጀምሩት የሚመታው ቃጭል ነበር። በ1783 እ.ኤ.አ. ገደማ የፓሪሱ ሰዓት ሠሪ ብሬጌ በቃጭሉ ፋንታ የተጠማዘዘ ሽቦ አስገባ፤ ሰዓቱም ሳሳ።

ወጣቱ፦ የፈረንጅ ሰዓት እንዴት በእኛ አቆጣጠር ይመታል?

አዛውንቱ፦ በእኛ ሰዓት ተሞልቶ ነዋ! ከገበታው ሥር ቀንድ አውጣ የሚመስል፣ አሥራ ሁለት ደረጃ ያለው ብረት አለ፤ ከቆጣሪው ጋር ይዞራል። አናቱን ስትጫን አንድ ዘንግ ደረጃው ላይ ያርፋል፤ መዶሻው በደረጃው ጥልቀት ልክ ይመታል።

ወጣቱ፦ እንዴት ልያዘው?

አዛውንቱ፦ ስትጫን እስከ መጨረሻው ተጫን፤ እየመታ ሳለ ቆጣሪውን አታዙር። ዘይቱ ከደረቀ ጥርሱ ይበላልና መጀመሪያ ይጸዳ። በአመድ አትፈትገው፤ ሰብሳቢ የሚፈልገው ማኅተም ይጠፋብሃል። አያትህ ከማን እንዳገኙት ጠይቀህ ጻፍ። ዱራሜ መብራት በጠፋ ሌሊትም አናቱን ተጫንና ለወንድምህ አሰማው።

ወጣቱ፦ መሸጡ ግድ ቢሆንብንስ?

አዛውንቱ፦ እንግዲያው እንዳለ፣ ድምፁን ሰምቶ ለሚገዛ ሰው ሽጠው ልጄ። ከቀለጠ የሚቀርህ ጥቂት ግራም ብር ነው። በሚዛን አትሽጠው።