ዲስኩ ሲሰፋ ፋይሎቹ የት ይቀመጣሉ?

የሰርቨር ዲስክ ከ40 ወደ 100 ጊጋባይት ያሳደገ ሰው፣ ፋይሎቹ በሰፊው ቦታ ላይ እንደ አዲስ የሚደላደሉ ይመስለዋል። ነገሩ እንዲያ አይደለም። በሊኑክስ ላይ የተለመደው የኤክስት-4 ፋይል ሲስተም ሥራ ላይ እያለ ሲሰፋ፣ ቀድሞ የተጻፈውን ፋይል በነበረበት ይተወዋል። ስለዚህ መቼ እንደሚያሰፉ ማወቅ እንዴት እንደሚያሰፉ ከማወቅ አያንስም።

መጀመሪያ መጠባበቂያ ቅጂ ይውሰዱ፤ ቅጂው እንደሚከፈትም ሞክረው ይዩ። ከዚያ በ«ዲኤፍ» የቀረውን ቦታ ይመልከቱ።

ሁለተኛ፣ ፓርቲሽኑን በ«ግሮውፓርት» ያስረዝሙ። የሚገፋው መጨረሻው ብቻ ነው፤ መነሻው ከተነካ ፋይል ሲስተሙ አይገኝም።

ሦስተኛ፣ «ሪሳይዝ-ቱ-ኤፍኤስ»ን መጠን ሳይጠቅሱለት ያስኪዱ። ፓርቲሽኑን አስረዝመው ይህን የዘነጉ ሰዎች «ዲኤፍ» ያንኑ 40 ሲያሳያቸው ግራ ይጋባሉ።

«ሪሳይዝ-ቱ-ኤፍኤስ» በሚሄድባት ቅጽበት የሚሆነውን ልብ ይበሉ። ኤክስት-4 ዲስኩን እንደ ቀበሌ በቡድን በቡድን ይከፍለዋል፤ እያንዳንዱ ቡድን የትኛው ብሎክ እንደተያዘ የሚያሳይ የራሱ መዝገብ አለው። መዝገቡ አንድ ብሎክ ይይዛል፤ አንድ ብሎክ በተለመደው ልክ 4,096 ባይት፣ ማለትም 32,768 ቢት ነው። ለአንድ ብሎክ አንድ ቢት ስለሚበቃ አንድ ቡድን 32,768 ብሎክ ወይም 128 ሜጋባይት ይሆናል። በ1024 ስሌት 40 ጊጋባይት 320 ቡድን፣ 100 ጊጋባይት ደግሞ 800 ቡድን ነው። ማስፋት ማለት እንግዲህ 480 ባዶ ቀበሌ መጨረሻው ላይ መጨመር ማለት ነው። አዲሶቹ ቡድኖች የየራሳቸውን አይኖድ (የአንድን ፋይል መረጃ የሚይዝ ስፍራ) ይዘው ስለሚመጡ ሊፈጠሩ የሚችሉት ፋይሎች ቁጥርም ከፍ ይላል።

ኤክስት-4 አዲስ ፋይልን በተቻለ መጠን ፎልደሩ ካለበት ቡድን አያርቀውም። የድሮ ፎልደር ውስጥ የሚጻፍ ፋይል ስለዚህ ቦታ የሚፈልገው መጀመሪያ በድሮው ሰፈር ነው፤ እዚያ ሲጠበው ወደ ሌላ ቡድን ይሻገራል። ዲስኩ ጢም ብሎ ሞልቶ ሳለ በየቀዳዳው የተበጣጠሰ ፋይልም ከተስፋፋ በኋላ እንደተበጣጠሰ ይቆያል። 95 በመቶ እስኪሞላ አይጠብቁ የምለው ለዚህ ነው፤ እኔ 80 በመቶ ላይ ሥራውን እጀምራለሁ።

አራተኛ፣ ሲነበቡ የሚዘገዩ ትልልቅ ፋይሎች ካሉ በ«ፋይልፍራግ» ስንት ቦታ እንደተቆራረጡ ይቁጠሩ። ቁጥሩ ከበዛ «ኢ-4-ዲፍራግ» ያንን ፋይል ብቻ ይሰብስብልዎት፤ መላውን ዲስክ ማመስ አያስፈልግም።

አምስተኛ፣ ለሩት ተጠቃሚ የሚቀመጠውን 5 በመቶ ያስቡበት። ድርሻው ከዲስኩ ጋር ስለሚያድግ ከ2 ጊጋባይት ወደ 5 ይደርሳል። ሲስተሙ ያለበት ዲስክ ላይ አይንኩት፤ መረጃ ብቻ የሚቀመጥበት ከሆነ ግን በ«ቲዩን-ቱ-ኤፍኤስ» ወደ 1 በመቶ ማውረድ ይቻላል።

ማጥበብ ግን ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል፤ እዚህ ላይ መሳሳት ፋይል ያሳጣል። ዲስኩን ከሥራ ያውጡት፣ በ«ኢ-ቱ-ኤፍኤስሲኬ» አስገድደው ያስፈትሹት፣ ፋይል ሲስተሙን ከሚፈልጉት መጠን ትንሽ አሳንሰው ያጥብቡት። መጨረሻው ላይ የነበሩ ብሎኮች ወደ ውስጥ የሚሰደዱት ያን ጊዜ ነው። ፓርቲሽኑን የሚቆርጡት ከዚህ በኋላ ብቻ ነው። በመጨረሻም «ሪሳይዝ-ቱ-ኤፍኤስ»ን መጠን ሳይሰጡ አንድ ጊዜ ቢያስኪዱት የተረፈችውን ክፍተት ይሞላታል።