የመስሚያ መሣሪያና የጆሮ ማሳከክ

የመስሚያ መሣሪያ ከተገኘ ወዲያ ችግሩ ሁሉ ያለቀ የሚመስለን ብዙዎች ነን። ነገር ግን በሆሳዕና፣ በዱራሜ ወይም በሾኔ ከስንት ደጅ ጥናት በኋላ የተገኘ መሣሪያ በሣጥን ተቆልፎ ሊቀር ይችላል፤ ምክንያቱም መበላሸቱ ሳይሆን ጆሮ ማሳከኩ ይሆናል። ተማሪው ይነቅለዋል፤ መምህሩ እልኸኛ ነው ይለዋል፤ ቤተ ሰቡም «ያን ያህል ገንዘብ ወጥቶበት!» ብሎ ይቆጣል። ልጁ ግን በቤት ሐዲይሳን ወይም ከምባቲሳን፣ በገበያ አማርኛን፣ በክፍል እንግሊዝኛን የሚሰማበትን መንገድ በአንድ ጊዜ አጣ ማለት ነው። በሆሳዕና የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ያቋቋመችው መስማት የተሳናቸው ትምህርት ቤት የሚያስተምረው በምልክት ቋንቋ ነው። መሣሪያው የሚጠቅመው የመስማት ኀይል ለተረፈለት ሰው ሲሆን፣ እርሱም የሚጠቅመው በጆሮው ላይ እስከ ዋለ ድረስ ብቻ ነው።

እኛ የሥነ ጥበባት ተማሪዎች ስለ ሕክምና ለመጻፍ መነሣታችን ሊያስገርም ይችላል። ሆኖም ነገሩ በተራ ቋንቋ ሊገለጽ የሚችል ነው።

የዐዋቂ ሰው የጆሮ ቱቦ ርዝመቱ 2.5 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ከውጭ በኩል ያለው አንድ ሦስተኛው ፀጉርና ኩክ የሚያመነጩ ዕጢዎች አሉት፤ የቀረው ሁለት ሦስተኛ ግን ስስ ቆዳ በአጥንት ላይ የተለጠፈበት ነው። ኩክ ቆሻሻ አይደለም። ቅባትነት ስላለው ውኃ ያግዳል፤ ጥቂት አሲድነቱም ሻጋታንና ባክቴሪያን ይከላከላል። ቆዳው ራሱ ቀስ በቀስ ወደ ውጭ እየተጓዘ ኩኩን ይዞት ይወጣል። እናቶቻችን በአንገታቸው የሚያንጠለጥሉት የብር ኩክ ማውጫ ለጌጥነቱ እጅግ ያማረ ነው፤ ወደ ውስጥ ሲገባ ግን ቅባቱን ጠርጎ ቆዳውን ያደርቃል፣ ይቧጭራልም። ክብሪትና እስክሪብቶ ከዚያ የባሱ ናቸው። (ጆሮውን ሲነካካ የሚያስለው ሰው አይታችሁ እንደ ሆነ፣ ምክንያቱ ከደረትና ከጉሮሮ ጋራ የተያያዘው ነርቭ አንድ ቅርንጫፉ ጆሮ ቱቦ መድረሱ ነው።)

እንግዲህ በዚህ ጠባብ መንገድ ላይ መሰኪያ ሲገባ ላብና እንፋሎት መውጫ ያጣሉ። ቆዳው ይርሳል፤ ጨለማ፣ ሙቀትና እርጥበት ደግሞ ሻጋታ የሚወዳቸው ናቸው። ሆሳዕና ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ስለ ሆነች ብርዱ ጋቢና ሻሽ በጆሮ ላይ ያስጠመጥማል፤ ይህም እርጥበቱን ይጨምረዋል። በበጋ ደግሞ አቧራው አለ፤ አቧራ የነካ ጣት መሰኪያውን ይነካል፣ መሰኪያውም ጆሮ ውስጥ ይገባል።

የመሰኪያው ልክ ሌላ ጉዳይ ነው። የልጅ ጆሮ ያድጋል፤ ለሕፃን የተቀረጸ መሰኪያ በጥቂት ወራት ውስጥ ስለሚጠበው ወይም ስለሚላላበት እንደገና መቀረጽ አለበት። ከከተማ ርቆ ለሚኖር ቤተ ሰብ ይህ ከመሣሪያው ዋጋ የማይተናነስ ራስ ምታት ነው። አንዳንድ ሰው ደግሞ መሰኪያው የተሠራበት አክሪሊክ አይስማማውም፤ መሰኪያው የነካው ቦታ ብቻ በልኩ ከቀላ ይህን መጠርጠር ይገባል። መድኀኒቱ ማከክ ሳይሆን በሲሊኮን ወይም በሌላ በሚስማማ ነገር ማሠራት ነው።

በቤት ሊደረግ የሚቻለው ብዙ ወጪ የለውም። ማታ ሲተኙ መሣሪያውን አውልቆ ጆሮን ማሳረፍ ዋናው ነው። ከጆሮ ጀርባ የሚንጠለጠል ከሆነ መሰኪያውን ከመሣሪያው ለይቶ በለብታ ውኃና በለስላሳ ሳሙና ማጠብ፣ ሳሙናው እስኪለቅ ማለቅለቅ (የቀረ ሳሙና ራሱ ያሳክካል)፣ በቀጭኗ ቱቦ ውስጥ የቀረውን ውኃ ማስወጣት፣ በንጹሕ ጨርቅ ላይ ማሳደር ነው። መሣሪያው ራሱ ግን ውኃ አይነካውም። ቶሎ ይድረቅ ተብሎ ምድጃ ዳር ማስቀመጥም መሣሪያ ማጥፋት ነው። ገላ ከታጠቡ በኋላ ጆሮ ሳይደርቅ መሰኪያውን መልሶ ማስገባት አይገባም። መሰኪያው አየር ማስገቢያ ቀዳዳ ሊኖረው እንደሚችል ባለሙያውን መጠየቅም መልካም ነው፤ ብቻ ቀዳዳው ለሁሉም ዐይነት የመስማት ችግር አይስማማም።

በጆሮ ውስጥ ጤና አዳም ጨምቆ ወይም ቅቤ አቅልጦ ማንጠባጠብን ግን አጥብቀን እንቃወማለን። የጆሮው ታምቡር የተቀደደ ከሆነ የገባው ሁሉ ወደ መካከለኛው ጆሮ ይዘልቃል። ለደረቀ ጆሮ ጥቂት ንጹሕ ዘይት የሚታዘዝበት ጊዜ አለ፤ እርሱም ሐኪም ታምቡሩን ካየ በኋላ ነው። መግል፣ መጥፎ ሽታ፣ ሕመም ወይም ጥቋቁር ነጠብጣብ ከታየ መሣሪያውን አውልቆ ወደ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያም እንደ ሁኔታው በሐዲያዋ ንግሥት እሌኒ ስም ወደሚጠራው የሆሳዕና ሆስፒታል መሄድ ነው። ሲኬድም መሰኪያው አብሮ ይወሰድ፤ ሐኪሙ ከጆሮው ጋራ እርሱንም ማየት ያስፈልገዋልና።