የሕፃን መጠቅለያ አሰፋፍ

ጠያቂ፦ እማማ፣ ገና መርፌ መያዝ ለሚለማመድ ሰው የሕፃን ብርድ ልብስ መስፋት አይከብድም?

እማማ፦ አይከብድም። እጅጌ የለው፣ አንገትጌ የለው፤ አራት ቀጥ ያሉ ጠርዞች ብቻ ናቸው። ጀማሪን የሚፈትነው ከስፌቱ በፊት ያለው ሥራ ነው። ሳይታጠብ ወይም ተጣሞ የተቆረጠ ጨርቅ በኋላ በምንም ስፌት አይቃናም።

ጠያቂ፦ ለስላሳ የሆነ ጨርቅ ሁሉ ለሕፃን ይሆናል?

እማማ፦ ለስላሳ ሁሉ ጥጥ አይደለም፣ ልጄ። ፀጉራሙ ፖሊስተር ሲዳስሱት ደስ ይላል፣ ላብ ግን አይመጥም። ጥጥ ይመጥጣል፣ የሙቅ ውሃ እጥበትም ይችላል። ጨርቁ ካጠራጠረ ከዳሩ አንድ ክር ተመዝዞ በክብሪት ይለኮሳል፤ ጥጥ የተቃጠለ ወረቀት እየሸተተ ነዶ አመድ ይሆናል፣ ፖሊስተር ግን ይቀልጥና ጠጣር ጠብታ ይተዋል።

ጠያቂ፦ ስንት ሜትር ይገዛል?

እማማ፦ መጠኑ ብዙ ዓይነት ነው፤ ለአራስ ልጅ 80 በ80 ሴንቲ ሜትር ይበቃል። አንዱ ለፊት፣ አንዱ ለጀርባ ነውና ከሁለት ዓይነት ጨርቅ 90፣ 90 ሴንቲ ሜትር ይገዛል። ትርፉ ጨርቁ ሲታጠብ ለሚሰበሰበው ነው። ከመቆረጡ በፊት በሙቅ ውሃ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ በካውያ ይተኮሳል። ይህ ከተዘለለ ሁለቱ ጨርቆች በመጀመሪያው እጥበት እኩል ስለማይሰበሰቡ ብርድ ልብሱ ይሸበሸባል።

ጠያቂ፦ መካከሉ ላይ የሚገባ ነገርስ ያስፈልገዋል?

እማማ፦ ለቆላ አያስፈልገውም። ለደጋ ብርድ ግን ያረጀ ጋቢ ጥሩ ነው፤ ለዓመታት ስለታጠበ መሰብሰቡን ጨርሷል። ጋቢ አራት ድርብ ስለሆነ ተፈትቶ አንድ ወይም ሁለት ድርቡ ብቻ ይገባል። አራቱም ከገቡ ለጀማሪ መርፌ አይበሳም፣ ለልጁም ይከብዳል።

ጠያቂ፦ በሜትር ለክቶ፣ በጠመኔ አስምሮ መቁረጡ ይበቃል?

እማማ፦ ጠመኔው የተጣመመውንም ቀጥ አስመስሎ ያሰምራል። የሚታመነው የጨርቁ የራሱ ክር ነው። በፋብሪካው ዳር ትንሽ ይቀደድና አንድ ማግ ቀስ ተብሎ ይሳባል፤ ክሩ ሲወጣ ጨርቁ ላይ ሥሥ መስመር ይተዋል፣ መቀሱ ያንን ይከተላል። ክሩ መሃል ላይ ቢበጠስ እስከዚያ ተቆርጦ ጫፉ እንደገና ይፈለጋል። ይህ ለተሸመነ ጨርቅ እንጂ እንደ ካናቴራ ለሚለጠጠው አይሆንም። የፋብሪካው ዳር ራሱ ደግሞ ጠንከር ያለ ስለሆነ ተቆርጦ ይወጣል። ሁለቱ ጨርቆች ከተቆረጡ በኋላ ከማዕዘን ማዕዘን በሰያፍ ይለካሉ፤ ሁለቱም ሰያፎች ወደ 113 ሴንቲ ሜትር ከመጡ ጨርቁ ቀጥ ብሏል።

ጠያቂ፦ አሁን ወደ ስፌቱ እንግባ፣ እማማ።

እማማ፦ ሁለቱ ጨርቆች ፊትና ፊታቸው ተገጣጥሞ፣ ጀርባቸው ወደ ውጭ ይሆናል። ጋቢ ካለ ከላይ ይነጠፋል። ዙሪያው በስፒል ይያዛል ወይም በሰፋፊው ይወሰወሳል። ስፒሎቹ ሲገቡ ይቆጠሩ፣ ሲወጡም ያው ቁጥር ይሙላ፤ አንድ ስፒል ውስጥ ከቀረ ልጅ ይወጋል። ከጠርዙ 1 ሴንቲ ሜትር ገባ ብሎ ዙሪያው ይሰፋል፣ በአንዱ ጎን መካከል ግን 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ሳይሰፋ ይቀራል፤ መገልበጫው እሱ ነው። በመኪና ከሆነ ማዕዘኑ ላይ መርፌው ጨርቁ ውስጥ እንደተተከለ እግሩ ይነሣና ጨርቁ ይዞራል።

ጠያቂ፦ መኪና የሌለውስ?

እማማ፦ በእጅ ይሰፋል፤ መርፌው ወደፊት ሄዶ ሲወጣ ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ እየተመለሰ ይወጋል። ጊዜ ይፈጃል እንጂ ጥንካሬው አያንስም።

ጠያቂ፦ ሲገለበጥ ማዕዘኑ የሚደፈነው ለምንድን ነው?

እማማ፦ ትርፉ ጨርቅ እዚያ ስለሚታጨቅ ነው። ከመገልበጡ በፊት የአራቱም ማዕዘን ጫፍ፣ ክሩ ሳይነካ፣ በሰያፍ ይቆረጣል። ከተገለበጠ በኋላ ማዕዘኑ በደነዘዘ እንጨት ይገፋል፤ በመቀስ ጫፍ የገፋ ቀዳዳ ያተርፋል። ከዚያ ይተኮሳል፣ ክፍቱ ወደ ውስጥ ታጥፎ በእጅ ይዘጋል፣ ከጠርዙ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ገባ ብሎ ዙሪያው አንዴ ይሰፋል። ጋቢ ከገባበት ከማዕዘን ማዕዘን ሁለት ሰያፍ ስፌት ይጨመራል፤ አለበለዚያ ውስጡ እየተንሸራተተ አንድ ቦታ ይከማቻል።

ጠያቂ፦ ዘርፍና ዶቃ ቢጨመርበት አያምርም?

እማማ፦ ለዓይን ያምራል። ነገር ግን ዶቃና ቁልፍ ተነቅሎ አፍ ይገባል፣ ረጅም ዘርፍ ጣት ላይ ይጠመጠማል፤ ባይኖር ይሻላል። ለማስጌጥ የፊቱን ጨርቅ ባለቀለም መምረጥ ይቻላል።

ጠያቂ፦ ሕፃኑ ሲተኛስ ይለብሰዋል?

እማማ፦ ለማቀፊያ፣ ለመንገድ፣ ሰው እያየው ለመጫወቻ ምንጣፍ ይሆናል። ብቻውን ለሚተኛ ሕፃን ግን አይደረብም። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ አንድ ዓመት ያልሞላው ልጅ በመኝታው ላይ ልል ብርድ ልብስ እንዳይኖር ይመክራል፤ ፊቱን ሸፍኖ ሊያፍነው ይችላልና። ለመኝታ ወፈር ያለ ልብስ ለብሶ በጀርባው መተኛቱ ይሻላል።

ጠያቂ፦ አልቆ ከተተኮሰ በኋላ የሚቀር ሥራ አለ?

እማማ፦ አንድ ጊዜ ይታጠባል። ሲደርቅ ሁለቱም ፊቱ በመዳፍ ተዳስሶ የተንጠለጠለ ክር ሁሉ ይቆረጣል፣ የላላ ስፌትም እንደገና ይጠብቃል።