የባሮ ወደብ፣ ያልተዘረጋው ሐዲድ እና የእኛ ባሶ

መግቢያ

እኔ ተወልጄ ያደግሁት የጁቤ ነው። የጥንቱ የባሶ ገበያ የሚባለው እዚሁ እኛ ዘንድ ነበር። አያቴ «ቡናው ሁሉ በደጃችን ነበር የሚያልፈው» ሲሉ በልጅነቴ እንደ ተረት እሰማቸው ነበር። እኛ ጋ ቡና አይወረድም፣ አይጫንም፤ ከየት መጥቶ ነው የሚያልፈው?

ለታሪክ ኮርስ ስለ ባሶ አጭር ጽሑፍ ሳዘጋጅ ነገሩን በአንድ ዐረፍተ ነገር ዘጋሁት፦ «ዓባይ ገደል ነው፤ መርከብ አይሸከምም፤ ስለዚህ ገበያው ተዳከመ።» መምህሬ ከጎኑ በቀይ እስክሪብቶ «ባሶ ደህና በነበረበት ጊዜስ ዓባይ መርከብ ይሸከም ነበር?» ብለው ጻፉበት። አፈርኩ። ይህ ጽሑፍ ለዚያች ጥያቄ የተሰጠ ዘግይቶ የመጣ መልስ ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ቡናው በባሶ ሲያልፍ

በ19ኛው መቶ ዘመን ከከፋና ከእናርያ የሚነሳ ሲራራ ነጋዴ በሊሙ ሳቃ ገበያ፣ ቀጥሎም ጉድሩ ውስጥ በአሰንዳቦ አድርጎ ዓባይን ተሻግሮ ባሶ ይገባ ነበር። ከዚያ ወደ ጎንደር፣ ብሎም ወደ ምፅዋ ይቀጥላል። ከደቡብ የሚመጣው ቡና፣ የዝሆን ጥርስ፣ ዝባድና ወርቅ ነው፤ ሳንደብቅ እንናገር ካልን ባሪያም ነበረበት። ከሰሜን ደግሞ አሞሌ ጨውና ጨርቅ ይወርዳል። ክረምት ሲገባ ዓባይ ይሞላል፣ መሻገሪያው ይዘጋል፣ ነጋዴውም እስኪጎድል ይጠብቃል። እንግዲህ ገደሉም ሙላቱም ያኔም ነበሩ፤ ገበያው ግን ቆሞ ነበር።

መጀመሪያ የተለወጠው ወንዙ ሳይሆን ኃይሉ ነው። በ1882 በእምባቦ ጦርነት የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በምኒልክ ሠራዊት ተሸነፉ። የደቡብ ምዕራቡን ንግድ የመቆጣጠር ዕድል ከጎጃም እጅ ወጥቶ ወደ ሸዋ አዘነበለ። ከዚያ በኋላ ለቡናው ሁለት አዳዲስ በሮች ተከፈቱለት። አንዱ ሁላችንም የምናውቀው የጅቡቲ ባቡር ነው፤ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ። ሁለተኛው በር ብዙዎቻችን የማናስታውሰው የጋምቤላ ወደብ ነው።

የ1902ቱ ውል

ግንቦት 15 ቀን 1902 ምኒልክና የእንግሊዝ መልእክተኛ ሃሪንግተን አዲስ አበባ ላይ የፈረሙትን ውል እኛ ጎጃሞች የምናውቀው በሦስተኛው አንቀጽ ነው፤ በዓባይ፣ በጣናና በሶባት ላይ ውሃ የሚያግድ ሥራ ያለ ስምምነት እንዳይሠራ የሚለው። ወረድ ብሎ ማንበብ ግን ይጠቅማል። አራተኛው አንቀጽ በባሮ ዳር ከ400 ሔክታር ያልበለጠ፣ የወንዝ ዳር ርዝመቱም ከ2000 ሜትር ያልበለጠ ቦታ ለሱዳን መንግሥት ለንግድ ጣቢያ በኪራይ ይሰጣል። ኪራዩ የሚጸናው ሱዳን በእንግሊዝና በግብፅ አስተዳደር ሥር እስካለች ድረስ ነው፤ ለጦርና ለፖለቲካ መጠቀምም ክልክል ነው። አምስተኛው አንቀጽ ደግሞ ሱዳንን ከዩጋንዳ የሚያገናኝ የባቡር ሐዲድ በኢትዮጵያ ምድር እንዲያልፍ ይፈቅዳል።

ወደቡ ተከፈተ። ሐዲዱ ግን ወረቀት ላይ ቀረ።

ወደቡ እንዴት ይሠራ ነበር?

መርከቦቹ ከካርቱም ተነስተው በነጭ ዓባይ፣ በሶባት፣ ከዚያም በባሮ አድርገው ጋምቤላ ይደርሳሉ። የሚያስተዳድራቸው የሱዳን የባቡርና የመርከብ መሥሪያ ቤት ነበር። ቡናና ሰም ይወጣል፤ ጨውና ጨርቅ ይገባል። ካርቱም የደረሰው ጭነት በባቡር ተጭኖ ወደ ቀይ ባሕር ይወርዳል። በዚያ በኩል ሐዲዱ አለ። የጎደለው በእኛ በኩል ነው።

ለምን ቢሉ፣ ባሮ ለመርከብ የሚበቃ ውሃ የሚኖረው በክረምት ብቻ ነው። ቡናው ደግሞ የሚለቀመውም በበቅሎ ከጎሬና ከቡሬ የሚወርደውም በበጋ ነው። (ይህ ቡሬ የኢሉባቦሩ እንጂ የእኛው የጎጃሙ አይደለም፤ እኔም መጀመሪያ ተምታቶብኝ ነበር።) በጋ ሲሆን በቅሎው ይመጣል፣ መርከብ የለም። ክረምት ሲሆን መርከቡ ይመጣል፣ መንገዱ ጭቃ ነው፣ በቅሎው አይወርድም። ስለዚህ ቡናው ጋምቤላ መጋዘን ውስጥ ተከማችቶ ወራት ይጠብቃል። የነጋዴው ገንዘብም አብሮ ይታሰራል።

እዚህ ላይ ስደርስ ነው ባሶ ትዝ ያለኝ። የእኛን ሲራራ ክረምት መንገድ ይዘጋበታል፤ የጋምቤላውን ነጋዴ ደግሞ ክረምት ወደቡን ከፍቶ መንገዱን ይዘጋበታል። ወንዙ መርከብ መሸከሙ ብቻውን ችግሩን አልፈታውም።

አጭር የጭነት ሐዲድ ቢኖርስ?

ከጋምቤላ እስከ ጎሬ በቀጥታ ቢለካ ከ100 ኪሎ ሜትር ብዙም አይበልጥም። ችግሩ ዳገቱ ነው፤ ጋምቤላ ከባሕር ወለል በላይ 500 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን ጎሬ 2000 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። ቢሆንም የማይሞከር አልነበረም። በኮንጎ ወንዝ ላይ ፏፏቴና ፈጣን ውሃ መርከቡን ሲከለክል፣ ከማታዲ ወደ ላይኛው ወደብ በተራራ መካከል የተዘረጋው ሐዲድ በ1898 ተጠናቆ የሸክሙን ሥራ ከሰው ትከሻ አውርዷል። እሱ ሐዲድ ሲሠራ ብዙ ሠራተኛ መሞቱም አይረሳ።

ጋምቤላ ግን በበቅሎና በሸክም ቀጠለች። የአዲስ አበባው ባቡር ክረምት ከበጋ ሲሠራ እሷ የግማሽ ዓመት ወደብ ሆነች። በኋላም የመኪና መንገድ ከደቡብ ምዕራቡ ወደ አዲስ አበባ ሲዘረጋ ቡናው በካሚዮን ወደዚያው አዘነበለ። ሱዳን በ1956 ነፃ ስትወጣ በውሉ መሠረት የኪራዩ ዘመን አበቃ፤ ጋምቤላም በዚያው ዓመት ለኢትዮጵያ ተመለሰች። በዚያን ጊዜ የቀድሞ ንግዷ ቀንሶ ነበር።

ማጠቃለያ

ታዲያ ቡናው ከባሶ ለምን ሄደ? የዓባይ ገደል ምክንያት ነው ያልኩትን ሰርዣለሁ። ቡናው የሄደው መጀመሪያ በሩን የያዘው ኃይል ስለተለወጠ፣ ቀጥሎም ዓመቱን ሙሉ የሚሠራ መንገድ ሌላ ቦታ ስለተዘረጋ ነው። መርከብ የሚሸከም ወንዝ የነበራት ጋምቤላም ከኋላዋ የሚያደርስ መንገድ ስላልነበራት ንግዱን ይዛ አልዘለቀችም።

ለክፍል ጓደኞቼ አንድ ነገር ልበል። ስለ ገበያ ስንጽፍ የገበያውን ቦታ ብቻ አንመልከት፤ ጭነቱ ከየት ተነሳ፣ ማን ተሸከመው፣ በየትኛው ወር አለፈ ብለን እንጠይቅ። አያቴ አሁን በሕይወት የሉም። ቡናው በየትኛው ወር በደጃቸው ያልፍ እንደነበር አልጠየቅኳቸውም። እናንተ አያቶቻችሁ ካሉ ለእረፍት ስትሄዱ ጠይቋቸው።