አናሎግ ሲንተሳይዘር ለመምረጥ ፊዚክስ ምን ይረዳናል?

በሙዚቃ የሚሳቡ የሳይንስ ተማሪዎች ደጋግመው የሚያነሱት አንድ ጥያቄ አለ፤ «አናሎግ ሲንተሳይዘር ብገዛ የትኛውን ልግዛ?» የሚል። ጥያቄው በችኮላ የሚመለስ አይደለም። መሣሪያው ወደ አገራችን ብዙ ጊዜ የሚመጣው በውጭ በሚኖር ዘመድ ሻንጣ ነው፤ ከመጣ በኋላ አልተስማማኝም ብሎ መመለስ የሚታሰብ አይደለም። የሻጮች መግለጫ ደግሞ «ሞቃት ድምፅ»፣ «የዳበረ ድምፅ» በሚሉ ቃላት የተሞላ ስለሆነ መለካት ለለመደ ሰው እምብዛም አይረዳም። በዚህ ጽሑፍ የመሣሪያውን ውስጥ በመመልከት ምርጫውን የሚወስኑት ነገሮች የትኞቹ እንደሆኑ ለማሳየት እንሞክራለን። በእኛ አስተያየት ከሁሉ አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት ስለ ድምፁ ውበት ሳይሆን መሣሪያው ቅኝቱን ስለመጠበቁ ነው።

አናሎግ ሲንተሳይዘር ድምፅን የሚፈጥረው በቁጥር ስሌት ሳይሆን ያለማቋረጥ በሚለዋወጥ ቮልቴጅ ነው። ኦሲሌተር የተባለው ክፍል ሞገዱን ያመነጫል፤ ማጣሪያው ከሞገዱ ውስጥ የማይፈለጉትን ሃርሞኒኮች ይቀንሳል፤ ማጉያው ደግሞ የድምፁን ጉልበት ይቆጣጠራል። አሜሪካዊው ሮበርት ሞግ (ስሙ «ሞግ» እንጂ «ሙግ» ተብሎ አይነበብም) ከሙዚቃ ደራሲው ከኸርበርት ዶይች ጋር በመሆን እ.ኤ.አ. በ1964 የሠራው መሣሪያ ታላቅ ሐሳብ እነዚህን ክፍሎች ሁሉ በቮልቴጅ እንዲታዘዙ ማድረጉ ነበር። ሞግ የዶክትሬት ዲግሪውን ከኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ያገኘው በምሕንድስና ፊዚክስ መሆኑን ለፊዚክስ ተማሪዎቻችን በኩራት እንጠቅሳለን። እ.ኤ.አ. በ1970 የወጣው ሚኒሞግ ይህንኑ ሐሳብ አንድ ሰው ተሸክሞ ወደ መድረክ ሊወጣበት በሚችል ሳጥን ውስጥ አስገባው።

ትእዛዙ የሚተላለፈው በቀላል ስምምነት ነው። የመቆጣጠሪያው ቮልቴጅ በ1 ቮልት ሲጨምር የድምፁ ድግግሞሽ በእጥፍ ያድጋል፤ ማለትም ቃናው አንድ ኦክታቭ ይወጣል። ኦክታቭ በ12 እኩል ግማሽ ቃናዎች ስለሚከፈል እያንዳንዱ ግማሽ ቃና 83.3 ሚሊቮልት ይደርሰዋል። ስለዚህ የትዝታ ቅኝት አምስት ድምፆች ከመነሻው አንሥቶ ሲቆጠሩ 0፣ 0.167፣ 0.333፣ 0.583 እና 0.750 ቮልት ይሆናሉ ማለት ነው። ሙዚቀኞች አንዱን ግማሽ ቃና እንደገና በ100 ከፍለው ትንሿን ክፍል «ሴንት» ይሏታል። አንድ ሴንት እንግዲህ 0.83 ሚሊቮልት ብቻ ነው። ከቅኝት የወጣን ድምፅ የሰለጠነ ጆሮ የሚያውቀው በጥቂት ሴንት ልዩነት ስለሆነ፣ መሣሪያው ቮልቴጁን በጥቂት ሚሊቮልት ማሳሳት እንኳ አይፈቀድለትም።

ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ቮልቴጅ በመደመር ሲጨምር ድግግሞሽ በማባዛት እንዲያድግ የኤክስፖነንሻል ግንኙነት ያስፈልጋል። ይህን ግንኙነት ተፈጥሮ በትራንዚስተር ውስጥ በነጻ ሰጥታናለች፤ የኮሌክተሩ ጅረት በቤዝና በኤሚተር መካከል ካለው ቮልቴጅ ጋር በዚሁ ሕግ ይያያዛል። ነገር ግን በቀመሩ ውስጥ ቮልቴጁ የሚካፈለው «የሙቀት ቮልቴጅ» ለሚባለው መጠን ነው። ይህም የቦልትዝማን ቋሚ ቁጥር በፍጹም መጠነ ሙቀት ተባዝቶ ለኤሌክትሮን ሙል ሲካፈል የሚገኘው ነው። በ300 ኬልቪን ዋጋው ወደ 26 ሚሊቮልት ስለሚጠጋ፣ ጅረቱን በእጥፍ ለማሳደግ 18 ሚሊቮልት ያህል ይበቃል። ከውጭ የመጣው 1 ቮልት በሬዚስተሮች ተከፋፍሎ ወደዚህ ወደ 18 ሚሊቮልት ይወርዳል። መጠነ ሙቀቱ ከተለወጠ ግን የሚያስፈልገው 18 መሆኑ ይቀራል።

ለውጡ ምን ያህል ነው? በክፍል ሙቀት አካባቢ በእያንዳንዱ ዲግሪ ሴልሺየስ አንድ ሦስት መቶኛ ወይም 0.33 በመቶ ነው። አንድ ኦክታቭ 1200 ሴንት ስለሆነ በየዲግሪው 4 ሴንት ይዛነፋል፤ በ10 ዲግሪ ደግሞ ወደ 40 ሴንት ይደርሳል። በኅዳርና በታኅሣሥ ወራት የአዲስ አበባ ማለዳና እኩለ ቀን በመጠነ ሙቀት ከ10 ዲግሪ በላይ ይለያያሉ። በማለዳ የተቃኘ፣ ምንም ማስተካከያ የሌለው መሣሪያ በቀትር ፀሐይ ሥር ቢደመጥ ኦክታቮቹ ጠብበው ይገኛሉ፤ ከመነሻው ሦስት ኦክታቭ ርቆ ያለው ድምፅማ ከአንድ ሙሉ ግማሽ ቃና በላይ ይስታል። ትራንዚስተሩ ራሱ ያለው የጅረት ቋሚ ቁጥርም ከሙቀት ጋር በብርቱ ይለወጣል። ይህኛው ግን ሁለት ተመሳሳይ ትራንዚስተሮችን በማጣመር ይወገዳል፤ የአንዱ ስሕተት የሌላውን ያጠፋልና።

የመሣሪያዎች ዋጋና ጥራት ከሚለያዩባቸው ነገሮች አንዱ ይህን ዕዳ የሚከፍሉበት መንገድ ነው። አንዳንዶቹ ከሙቀት ጋር በየዲግሪው በዚያው 0.33 በመቶ የሚያድግ ልዩ ሬዚስተር ይጠቀማሉ። ሌሎች ትራንዚስተሮቹን በአነስተኛ ማሞቂያ ቋሚ መጠነ ሙቀት ላይ ያቆያሉ። በዘመናዊዎቹ ውስጥ ደግሞ ትንሽ ኮምፒዩተር ድግግሞሹን ለክቶ ራሱ ያስተካክላል። እንደ ሮላንድ ጁኖ ያሉት ጭራሹን የሞገዱን ጊዜ በዲጂታል ቆጣሪ ያስጠብቃሉ፤ ሞገዱ ራሱና ማጣሪያው ግን አናሎግ ናቸው። «እንዲህ ከሆነ እውነተኛ አናሎግ አይደለም» የሚሉ ወገኖች አሉ። እኛ ግን ከአኮርዲዮን ወይም ከፒያኖ ጋር አብሮ ለሚጫወት ሰው ይህ ጸጋ እንጂ ነውር አይደለም እንላለን።

መሣሪያውን ለመፈተን ውድ መለኪያ አያስፈልግም፤ ጆሮና የእጅ ሰዓት ይበቃሉ። 440 ሄርዝ የሚያሰማ የመቃኛ ሹካ ወይም በስልክ ላይ የሚጫን ቃና ማመንጫ እንያዝ። የስልኩ ድምፅ በኳርትዝ ክሪስታል ስለሚመራ ለዚህ ሥራ በቂ ነው። ሲንተሳይዘሩን ገና ቀዝቃዛ ሳለ አብርተን በመጋዝ ጥርስ ሞገድ ከ440 ጋር እናስተካክለው። ሁለት የተቀራረቡ ድምፆች አብረው ሲሰሙ ድምፁ ያብጣል፣ ይጎድላልም፤ ይህን ምት ብለን እንጥራው። በሰከንድ የሚሰማው የምት ብዛት የሁለቱ ድግግሞሾች ልዩነት ነው። በ440 ሄርዝ ላይ አንድ ሴንት 0.25 ሄርዝ ያህል ስለሆነ፣ በየ4 ሰከንዱ አንድ ምት ከሰማን መዛነፉ አንድ ሴንት ነው፤ በሰከንድ ሁለት ምት ከሆነ 8 ሴንት ደርሷል። በ5፣ በ15 እና በ30 ደቂቃ ደግመን እንቁጠር። ከግማሽ ሰዓት በኋላም መንሸራተቱን ያላቆመ መሣሪያ ለመድረክ አይበጅም።

ቀጥሎ አንድ ኦክታቭ ወርደን 220ን፣ ከዚያም 110ን እንጫን። የመጋዝ ጥርስ ሞገድ ሁሉንም ሃርሞኒኮች ስለሚይዝ፣ የ220 ሁለተኛ ሃርሞኒክና የ110 አራተኛ ሃርሞኒክ ያው 440 ላይ ይውላሉ፤ ስለዚህ ያንኑ ሹካ በመጠቀም ምቱን መቁጠር ይቻላል። ይህ ፈተና «1 ቮልት ለአንድ ኦክታቭ» የሚለው ስምምነት መጠበቁን ይነግረናል። በአራት ማዕዘን ሞገድ አይሞከር፤ እኩል ከፍና ዝቅ ያለው አራት ማዕዘን ሞገድ ጎዶሎ ቁጥር ሃርሞኒኮችን ብቻ ስለሚይዝ 440 በውስጡ አይገኝም። የመሣሪያውን ሁለት ኦሲሌተሮች እርስ በርስ ማነጻጸርም አያስተማምንም፤ አብረው ሊንሸራተቱ ይችላሉና።

ቅኝቱ ካስተማመነን ወደ ማጣሪያው እንለፍ፤ የመሣሪያው ጠባይ የሚወሰነው በአብዛኛው እዚህ ነው። ሞግ እ.ኤ.አ. በ1969 የባለቤትነት መብት ያገኘበት «የመሰላል» ማጣሪያ አራት ተመሳሳይ ደረጃዎች አሉት። በመቁረጫው ድግግሞሽ ላይ እያንዳንዱ ደረጃ ሞገዱን በ45 ዲግሪ ያዘገያል፤ መጠኑንም በሁለት ስኩዌር ሩት ያካፍለዋል። አራቱ ሲደመሩ መዘግየቱ 180 ዲግሪ፣ መጠኑም አንድ አራተኛ ይሆናል። እንግዲህ የወጣውን ሞገድ ገልብጠን በ4 አባዝተን ወደ መግቢያው ብንመልሰው ማጣሪያው በራሱ ማፏጨት ይጀምራል። «ሬዞናንስ» የሚል ጽሑፍ ያለበት ማዞሪያ የሚቆጣጠረው ይህንኑ ነው። ዋጋ ግን ያስከፍላል፤ ማፏጨቱ ሊጀምር ሲል ዝቅተኛ ድግግሞሽ ያላቸው ድምፆች ወደ አንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳሉ። ባስ ለመጫወት ያሰበ ሰው ሬዞናንሱን ከፍ አድርጎ ድምፁ ምን ያህል እንደሚከሳ ሳይሰማ አይግዛ። የአርቱሪያው ሚኒብሩት የተለየ፣ ባለ ሁለት ደረጃ ማጣሪያ ስላለው ድምፁ ሻካራና ብሩህ ነው፤ ይህ የምርጫ ጉዳይ ነው።

ስንት ድምፅ በአንድ ጊዜ? እያንዳንዱ ድምፅ የራሱ ኦሲሌተር፣ ማጣሪያና ማጉያ ስለሚያስፈልገው ዋጋው በድምፁ ብዛት ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ1978 የወጣው ፕሮፌት 5 አምስት ድምፆችን ከማስታወሻ ጋር አዋሕዶ ዝና አተረፈ። ዳሩ ግን የአገራችን ዜማ ባብዛኛው አንድ መስመር ይዞ የሚሄድ ነው። ማሲንቆ ባለ አንድ ክር ሆኖ ምን ያህል እንደሚናገር እናውቃለን። ባለ አንድ ድምፅ ሲንተሳይዘር የማሲንቆውን መንሸራተት በአንድ ሬዚስተርና በአንድ ካፓሲተር ያስመስላል። 1 ሜጋኦም ከ0.1 ማይክሮፋራድ ጋር 0.1 ሰከንድ ይሰጣል፤ ቃናው በዚያ ጊዜ ውስጥ የመንገዱን 63 በመቶ ይሄዳል። ስለዚህ ለመጀመሪያ መሣሪያ ባለ አንድ ድምፅ አያሳፍርም፤ እንዲያውም እንመክረዋለን።

ከምናውቃቸው መካከል እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው ኮርግ ሞኖሎግ ለተማሪ የሚስማማ ይመስለናል። ሞገዱን በትንሽ መስኮት ያሳያል፤ በስድስት ትናንሽ ባትሪዎች ይሠራል፤ ከሁሉ በላይ የ12ቱን ድምፆች ርቀት ተጫዋቹ እንደ ፈለገ እንዲቃኝ ይፈቅዳል። የክራርና የበገና ተጫዋቾች በጆሯቸው የሚቃኙት የፒያኖን እኩል ክፍፍል ሁልጊዜ ስለማይከተል ይህ ቀላል ነገር አይደለም። አራት ድምፅ ለሚፈልግ የዚያው ቤተሰብ ሚኒሎግ አለ። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው ቮልካ ኪይስ ሦስት ድምፅ ቢኖረውም ሦስቱም አንድ ማጣሪያ ስለሚጋሩ ከሙሉ ባለ ሦስት ድምፅ ጋር ልናስተካክለው አይገባም። የሚኒሞግን ሰርኪዩት ተከትሎ የተሠራው የቤሪንገር ሞዴል ዲ ሦስት ኦሲሌተሮች አሉት፤ ግን ኪቦርድም ማስታወሻም ስለሌለው የኪቦርዱን ዋጋ መደመር እንዳይዘነጋ።

ከአሜሪካ ያገለገለ አሮጌ መሣሪያ ሊላክለት የታሰበ ተማሪ ካለ፣ ላኪው ዘመድ የጀርባውን ጽሑፍ አንብቦ እንዲነግረው ያድርግ። «120 ቮልት» ብቻ የሚል ከሆነ በእኛ 220 ቮልት ላይ በቀጥታ ሲሰካ ትራንስፎርመሩ ይቃጠላል። የዘመኑ ቻርጀር መሰል መጋቢዎች ብዙዎቹ ከ100 እስከ 240 ቮልት ይቀበላሉ። የዐርባ ዓመት ዕድሜ ባለው መሣሪያ ውስጥ ያሉት ኤሌክትሮሊቲክ ካፓሲተሮችም ደርቀው ሊሆን ይችላል፤ የሚጠግን ባለሙያ በአቅራቢያ ከሌለ ዝነኛ ስሙ ብቻ አያጫውትም። መብራት ጠፍቶ ሲመለስም መሣሪያው እንደገና እስኪሞቅ ድረስ ጠብቆ፣ በሹካው ምቱን ቆጥሮ፣ ከዚያ መቃኘት ነው።